ፍየል የበላት አህያ

የትራፊክ ፖሊሱ ቆብ ከአንዲት ነጭ ፍየል ቀንድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ፍየሏ ቆቡን እንዳጠለቀች በግቢው መሃል ቆማ ታመነዥካለች። ከከንፈሯ ጥግ የጋዜጣ ቁራጭ ብቅ ብሏል።

«አቦ! የኔን ትራፊክ በላችው!» ብሎ ጮኸ ዐብዲሻኩር። ቦርሳውን ጥሎ ሲሮጥ፣ ሌሎች አምስት ፍየሎች ከጥላው ሥር ተነሡና በግማሽ በተከፈተው በር ግር ብለው ወጡ። ነጯ ግን አልቸኮለችም። ቆቧን እንደያዘች፣ እንደ ባለሥልጣን ረጋ ብላ ነው የወጣችው።

ሌላ ቀን ቢሆን ሃሌሉያ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። አሁን ግን በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ ለምሳ ወደየቤታቸው ከመሄዳቸው በፊት፣ ስድስት የአሻንጉሊት ጭንቅላቶችን እንጨት ላይ ሰክተው ፀሐይ እንዲመታቸው አሰልፈዋቸው ነበር። አሁን አሥር ሰዓት ሆኗል። ሁለቱ መሬት ላይ ተንከባልለዋል፤ አቧራ ከመልበሳቸው በስተቀር ደህና ናቸው። አራቱ ግን ተቦጫጭቀዋል። የቀፊራ ገበያዋ ነጋዴ አፍንጫ የላትም። የባጃጅ ሾፌሩ ለሁለት ተከፍሏል። ትራፊኩ አገጩ ብቻ ቀርቷል። ከአህያዋ የተረፈው ደግሞ አንድ ረጅም ጆሮ ነው።

አህያዋ የሃሌሉያ ነበረች።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ነው፤ ትርኢቱ ቅዳሜ። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለው የወጣቶች ማእከል በክረምቱ ለከተማው ልጆች የሥነ ጥበብ ሥልጠና ሲከፍት፣ ገሚሱ ሥዕል፣ ገሚሱ ሙዚቃ ሲመርጥ፣ እነ ሃሌሉያ የአሻንጉሊት ቴአትር መረጡ። ታሪኩን የጻፉት ራሳቸው ናቸው። አንዲት አህያ ቀፊራ ገበያ መሃል «ከእንግዲህ አልሸከምም» ብላ ትቆማለች። መንገዱ ይዘጋል፤ ነጋዴዋ ትለምናታለች፤ ባለባጃጁ ይሳደባል፤ ትራፊኩ ቅጣት ይጽፍባታል። ለአህያዋ ድምፅ ሦስት ልጆች ተወዳድረው ያሸነፈችው ሃሌሉያ ናት። ስታናፋ የሰማ ጎረቤት እውነተኛ አህያ የገባች መስሎት በአጥር አሻግሮ እስከማየት ደርሷል። እናቷ ሰርካዲስ በኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቅዳሜን ለማየት ስትል ፈረቃዋን ተቀያይራለች፤ አብረዋት ለሚሠሩት ሁሉ «የልጄን አህያ ሳትሰሙ እንዳትሞቱ» ብላለች። ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ እናቷን እንዲህ ማስፎከር ቀላል ነገር አይደለም።

አሠልጣኛቸው ዲና ከኋላ ደረሰች። ወጣቷ ቁጢጥ አለችና የአህያዋን ጆሮ አነሣች።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚሁ ወረቀት ስናደርቅ» አለች ቆይታ፣ «እነዚህ ፍየሎች በየቀኑ በበሩ ሲያልፉ ዞር ብለውም አላዩንም። ዛሬ ምን ነካቸው?»

ሃሌሉያ ምን እንደነካቸው ታውቃለች። በዚያ ግቢ ውስጥ የምታውቀውም እሷ ብቻ ነበረች።

የአሻንጉሊት ጭንቅላት አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አንድ አሮጌ ካልሲ የሆነ ነገር ይጎሰጎስበትና ይታሰራል፤ በላዩ ላይ በዱቄት ሙጫ የተነከረ ጋዜጣ እየተደራረበ ይለጠፋል፤ ሲደርቅ ቀለም ይቀባል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጭንቅላቶች በጋዜጣ ጎሰጎሱና ጋዜጣው እንዳያልቅ ተፈራ። ስለዚህ ባለፈው ሐሙስ ዲና ሃሌሉያን «ቀፊራ ያለው አናጢ ዘንድ ሄደሽ አንድ ከረጢት ሰጋቱራ ለምኚልኝ» ብላ ላከቻት። ሐሙስ ደግሞ የአህያዋ ድምፅ ውድድር ነበር። ሃሌሉያ ቀፊራ ደርሳ እስክትመለስ ልምምዱ እንደሚያልፋት አሰበች፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል። መታጠፊያው ላይ ጫት የሚሸጡት ሴቶች አጠገብ አንድ ጆንያ ገራባ ተቀምጦ አየች። ገራባ ማለት ሰው ጥሩ ጥሩውን ለቅሞለት የቀረው የጫት ቅጠልና እንጨት ነው። ደርቋል፤ ቀላል ነው፤ ለመጎስጎስ የተፈጠረ ይመስላል። «ውሰጂው፣ ፍየል አለሽ እንዴ?» አለቻት ሻጯ። ሃሌሉያ «አዎ» አለች። ከዚያም ሌላው ልጅ ለምሳ ሲሄድ አራቱን ካልሲዎች ብቻዋን ሞልታ፣ አጥብቃ አሰረቻቸውና ለዲና «ሰጋቱራው ገብቷል» አለቻት። እውነቱን ለመናገር በብልጠቷ ትንሽ ኮርታም ነበር።

ድሬዳዋ ተወልዶ፣ ፍየል ገራባ እንደሚወድ የማያውቅ ልጅ የለም። እሷም ታውቃለች። ግን ከካልሲና ከጋዜጣ ሥር ያለን ነገር ማን ያሸተዋል ብላ፣ አራቱ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግቢው ሲወጡም አልሠጋችም ነበር።

የግቢው ጠባቂ አባባ ሱሌማን ሽርጣቸውን እያጠበቁ ከዛፉ ሥር ብቅ አሉ፤ ጉንጫቸው ላይ የምንጣፉ ምልክት አለ። በዚያው ቅጽበት የማእከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ሙሉነሽ ከቢሮ ወጡ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግን ቅዳሜ ስንትና ስንት እንግዳ ጠርተዋል።

«አባባ ሱሌማን፣ ይህ ሁሉ ሲሆን የት ነበሩ?»

«እዚሁ ነኝ። መዝጊያው ከተሰበረ ቆይቷል፣ በሽቦ ነው የማስረው። ፍየሎቹ ገፍተው...»

ወይዘሮ ሙሉነሽ ሰውየው ሳይጨርሱ ጎንበስ አሉና ከመሬት አንዲት ቀጭን፣ ቀላ ያለች እንጨት አነሡ። ሦስት የደረቁ ቅጠሎች አሉባት። ግቢው ላይ እዚህም እዚያም እንደዚያው ያለ ተበትኗል።

«ይሄስ?»

«የመዝጊያውን ነገር ሁለት ጊዜ አመልክቼ...»

«ቅዝምዝም ወዲያ፣ ፍየል ወዲህ!» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ። አንዱ ልጅ በተረቱ ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ። «እኔ የምጠይቅዎት ስለ ጫት ነው። ልጆች በሚውሉበት ግቢ ጫት ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን በጽሑፍ አልሰጠሁዎትም?»

«ጫት? እኔ?» አባባ ሱሌማን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «እንቅልፍ ወስዶኛል፣ አልዋሽም። በዚህ ሙቀት ማን ያልተኛ አለ? ጫት ግን ወላሂ ከተውኩ ስምንት ዓመቴ! ጥርስስ የት አለኝና ነው?» አፋቸውን ከፍተው አሳዩ። እውነትም ከፊት ሁለት ብቻ ናቸው።

«ቅጠሉ ከሰማይ አልወረደም» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ። «ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቢሮ ይምጡ። ቁልፉን አስረክበው ደብዳቤዎን ይወስዳሉ።»

 አባባ ሱሌማን ልጆቹን አንድ በአንድ አዩና ዓይናቸውን ሰበሩ። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደራችሁ፣ አርቲስቶች» የሚሏቸው ሰውዬ፣ እነሱ ፊት አፍረው ሲቆሙ ማየት የሃሌሉያን አንጀት በላው። «እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ቅዳሜን አሰበችና መልሳ ገጠመችው።

ዐብዲሻኩር ከትራፊኩ አገጭ ሥር የተረፈውን የካልሲ ቅዳጅ ሲያነሣ አየችው። ወደ ውስጥ ተመለከተ። ቀጥሎ ወደ እሷ ተመለከተ። ከዚያ ካልሲውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ወደ ታክሲው ሲሄዱ ዐብዲሻኩር ግቢው ከዓይን እስኪሰወር ጠበቀ።

«ሰጋቱራ ነው አላልሽም?» አላት በመጨረሻ።

«ጊዜ አልነበረኝም።»

«አቦ፣ ሃሌ! ገራባ? ለፍየል ግብዣ ጠርተሽ ነው እኮ የሄድሽው!» ሳቁ መጣበትና ፊቷን ሲያይ ተወው። «እሺ፣ አታካብጂ። እኔ ምንም አላየሁም። ካልሲውን ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ወርውሬ እሄዳለሁ፣ አለቀ።»

«አባባ ሱሌማንስ?»

«ሌላ ሥራ ያገኛሉ።»

«በዚያ ዕድሜ?»

ዐብዲሻኩር አንገቱን አከከ። ጓደኛዋ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ነው፤ ለእሷ ሲል ዋሽቶ ያውቃል፤ ዋሽታለትም ታውቃለች። «ብትናገሪ አህያዋን ይነጥቁሻል» አላት ቀስ ብሎ። «ምናልባትም ከሥልጠናው ያስወጡሻል። ቅዳሜ እናትሽ ትመጣለች። እኔ እሱን ነው የማስበው።»

እሷም የምታስበው እሱን ነበር። ያሳፈራትም ይኸው ነው።

ሳቢያን ሰፈር ቤቷ ስትደርስ እናቷ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። «ነይ እስቲ፣ የኔ አህያ፣ አንዴ አናፊልኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የዋልኩት» አለቻት። ሃሌሉያ ሞከረች። የወጣው ድምፅ ጉንፋን የያዘው ድመት ነበር።

«ምን ሆነሻል?»

«ሙቀቱ ነው።»

ድሬዳዋ ውስጥ ሙቀቱ የማይሸከመው ጥፋት የለም። እናቷ አመነቻት፤ ቀዝቃዛ ውኃም ቀዳችላት። ሃሌሉያ ውኃውን አንዴም ሳትጎነጭ መልሳ አስቀመጠችው።

ረቡዕ ጠዋት ከሦስት ሰዓት በፊት ማእከሉ ደረሰች። የመጣችው ምን ልትል እንደሆነ ሳትወስን ነው። አባባ ሱሌማን ከቢሮው ፊት ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ ኮፊያቸው ታጥቧል፤ የግቢው ቁልፎች በመሐረብ ተቋጥረው ጉልበታቸው ላይ ናቸው።

«ሃሌ፣ ቁርስ በልተሻል?»

«በልቻለሁ፣ አባባ።»

«ጭንቅላቶቹን እንደገና ትሠሯቸዋላችሁ አይደል? በርቱ። አዲስ ለሚመጣው ጠባቂ ንገሩት፣ ሽቦውን ሁለት ዙር ያጥብቀው። አንድ ዙር ይፈታል።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ ቢኖር ኖሮ ሃሌሉያ ምናልባት ትችለው ነበር። አልነበረም። ለበሩ ብቻ ነው የተጨነቁት።

«አባባ» አለች፣ «ያ ቅጠል የኔ ነው።»

ሽማግሌው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «አንቺ? አንቺ ጫት ትቅሚያለሽ?! በዚህ ዕድሜሽ? እናትሽ ታውቃለች?»

«ኧረ አይደለም! አሻንጉሊቶቹ ውስጥ... ካልሲው ውስጥ ገራባ ጎስጉሼበት ነው። ሰጋቱራ አምጪ ተብዬ። ፍየሎቹ የመጡት ለሱ ነው።»

አባባ ሱሌማን የቢሮውን በር፣ ቀጥሎም እሷን አዩ። ነገሩን በልባቸው እያገላበጡት እንደሆነ ያስታውቃል። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሃሌሉያ የሚያለቅሱ መስሏት ደነገጠች። እየሳቁ ነበር፤ ሁለቱ ጥርሶቻቸው እስኪታዩ፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር።

«በአህያ ጭንቅላት ገራባ!» አሉ። «ታዲያ ፍየል ምን አጠፋ? እኔም ብሆን እገባ ነበር!»

ሃሌሉያ ሳትፈልግ ሳቀች፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት። አባባ ሱሌማን ቁልፍ የቋጠሩበትን መሐረብ ፈትተው ሰጧት።

«ተይ፣ ኢንተለ ቲያ፣ ተይ ልጄ። ስሚኝ። እኔን ያንገበገበኝ ሥራው አይደለም። ወላሂ ብዬ ምዬ፣ ዋሽተሃል መባሌ ነው። አንቺ እውነቱን ካወቅሽልኝ ይበቃኛል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ቤቴ እቀመጣለሁ። አንቺ ቅዳሜ ሥራ አለብሽ። እዚሁ ይቅር።»

የቢሮው በር ተከፈተ። ወይዘሮ ሙሉነሽ ደብዳቤ ይዘው ቆመዋል። «አባባ ሱሌማን፣ ይግቡ» አሉ፤ ከዚያ ሃሌሉያን አዩ። «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?»

«ሙቀቱ ነው» አሉ አባባ ሱሌማን ፈጠን ብለው።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ነፋሱ ገና ቀዝቃዛ ነው። ሃሌሉያ ሽማግሌውን አየቻቸው። ትናንት ለራሳቸው ሲሉ ያልዋሹት ሰው፣ ለእሷ ሲሉ እየዋሹ ነው፤ ያውም መዋሸቱን ጨርሶ አይችሉበትም።

«ሙቀቱ አይደለም፣ ወይዘሮ ሙሉነሽ» አለች። «አባባ ሱሌማን ጫት አልያዙም። ቅጠሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ስለ አናጢው፣ ስለ ጆንያው፣ ለሻጯ «ፍየል አለኝ» ስላለችው ውሸት ሳይቀር። ካልሲውን ያነሣው ማን እንደሆነ ግን አልተጠየቀችም፤ እሷም አላነሣችውም።  ስትጨርስ፣ ደረቷ ላይ ከትናንት ጀምሮ የተቀመጠው ነገር የለም። ፈልጋ አጣችው። አየር እንዲህ እስከ ታች ድረስ ይገባል እንዴ ብላ ተገረመች።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ደብዳቤውን ዝቅ አድርገው አዩዋት። «ሰጋቱራ ተብለሽ ገራባ» አሉ፤ ከንፈራቸው ጥግ የሆነ ነገር እየታገላቸው ነው።

«እኔ እኮ» አሉ አባባ ሱሌማን፣ ነገሩ መልክ እንደያዘ አይተው፣ «ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት እተኛለሁ። አንድ ፍየል ገብቶ አያውቅም!»

«አባባ፣ ይህችን ባይጨምሯት ይሻል ነበር» አሉ ወይዘሮ ሙሉነሽ፤ በዚህ ጊዜ ሳቃቸው አመለጣቸው። ደብዳቤውን ለሁለት ቀደዱት፤ ደግመው ለአራት። ከዚያ ሳቃቸውን ሰብስበው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። «ትናንት ልጆች ፊት ነው ያዋረድኩዎት። ልጆች ፊት ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። መዝጊያውም ዛሬውኑ ይሠራል።» ወደ ሃሌሉያ ዞሩ። «ለዲና ግን እኔ አልነግራትም። አንቺው ትነግሪያታለሽ።»

ዲና ሙጫ እያፈላች ነበር። በእንጨት እያማሰለች እስከ መጨረሻው ሰማቻት፤ አላቋረጠቻትም። ሌሎቹ ልጆች ገብተው በዙሪያዋ ቆሙ። የነጋዴዋን አሻንጉሊት የሠራችው ማርቲ «እኔ ትናንት እስከ ማታ ሳለቅስ ነበር!» አለች። ዐብዲሻኩር ከኋላ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«አይቼ ዝም ያልኩት እኔም አለሁበት» አለ በድንገት። ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ ቀና ብሎ ሃሌሉያን አየ፤ የእሱም ፊት ቀለል ብሎታል።

ዲና ድስቱን ከእሳት አወረደች። «ተናድጃለሁ» አለች በግልጽ። «ሰጋቱራ ስላላመጣሽ አይደለም፤ ስለዋሸሽኝ ነው፤ ልምምድ እንዳያልፍሽ መፍራትሽን ብትነግሪኝ ሌላ ሰው እልክ ነበር። ግን ንዴቴ ጊዜ ያባክናል። ሦስት ቀን አለን። ስስ አድርገን ብንለጥፍ ሦስቱ ይደርሳሉ። አራተኛው ይድረስ አይድረስ አላውቅም፤ ፀሐዩ ነው የሚያውቀው። የአህያዋ ከሁሉም ትልቅ ስለሆነ ዛሬ ካልተጀመረ አይደርቅም። ያለ አህያ ደግሞ ትርኢቱን እንደገና መጻፍ ሊኖርብን ነው። ሃሌሉያ፣ ከየትኛው እንጀምር?»

 ሁሉም ምክንያቱን ሰምቷል፤ አህያዋን ብትመርጥ ማንም «ምነው» ሊላት አይችልም። ዐብዲሻኩር በከንፈሩ ብቻ «አህያዋ» አላት።

ሃሌሉያ እናቷን አሰበች፤ የተቀየረውን ፈረቃ፣ ለሥራ ባልደረቦቿ የተወራውን ወሬ። ከዚያ የማርቲን ቀይ ዓይን አየች።

«ከነጋዴዋ» አለች። «ቀጥሎ ትራፊኩና የባጃጅ ሾፌሩ። ሦስቱን የሠራችሁት እናንተ፣ ያበላሸሁት ግን እኔ ነኝ፤ እነሱ ይቅደሙ። ታሪኩ መለወጥ ካለበት ቤት ወስጄ እጽፈዋለሁ።»

«አህያዋ ካልደረሰችስ?» አለች ዲና።

«ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ። ዛሬውኑ።»

ማርቲ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና አንድ አሮጌ ካልሲ ገፋችላት። ከውጭ የአባባ ሱሌማን ድምፅ ይሰማል፤ ብረት ሠሪውን መዝጊያው እንዴት መሆን እንዳለበት እያዘዙት ነው፤ ድምፃቸው ሞቅ ብሏል። ሃሌሉያ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ጋዜጣውን ቀደደች፣ እጇንም ትኩሱ ሙጫ ውስጥ ነከረች።